አምስተኛው ክር

ግንቦት 2007፣ ፍኖተ ሰላም። ቢሆነኝ የትኛው ፕሮግራም ያለ የትኛው እንደማይሠራ የሚያጣራ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። የፕሮግራሞቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ማንበብ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፣ ሥራውን በኮምፒውተሩ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሮጡ፣ «ክር» ለሚባሉ አራት የሥራ መስመሮች አከፋፈለው። እንዳይጋጩም ውጤታቸውን የሚጽፉበትን መዝገብ ቆለፈው፤ አንዱ ጽፎ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። የጨረሰው ክር «ተፈታ» ይባላል።

ሲጨንቀው እንደሚያደርገው፣ ክርስትና ሲነሣ ያሰሩለትን ማተብ በጣቱ እያዞረ የማስጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፈ። መልሱ ስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር።

ክር አንድ ተፈታ። ሁለትም፣ ሦስትም፣ አራትም ተፈቱ።

ክር አምስት፦ እየጠበቀ ነው።

«አምስተኛ አልሠራሁም እኮ!» ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አራት ብቻ ነው።

«ደክሞህ ነው» አለችው ጎኑ የምትሠራው ምሥራቅ። «አቋርጠውና ምሳ እንብላ።»

እሱም ሰልችቶት ነበር። አቋረጠው።

ክር አምስት ተፈታ።

ምሥራቅ ቦርሳዋን አንሥታ ዞር ስትል ዓይኗ አንገቱ ላይ ቀረ። ጣቶቹ አሁንም እዚያው ባዶ አየር ያዞራሉ።

«ቢሆነኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማተብህን የት ጣልኸው?»