አበልጄ፣ ኳሱን ስጠኝ

ታቾ ከአግዳሚው ተነስቶ ሜዳውን ገና ሲረግጥ ሕዝቡ መጮህ ይጀምራል። «አንተ ሽማግሌ! ማን ጠራህ? ተመለስ!» አንዱ በእፍኙ የያዘውን የኦቾሎኒ ቅርፊት አናቱ ላይ ይበትንበታል። ታቾ ቀና አይልም። መሐል ሜዳ ላይ ካለችው የአፈር ጉብታ ላይ ወርዋሪው ዊልፍሪዶ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቀኝ እጁን ከጀርባው ደብቋል።

ታቾ የሚያሰለጥነው የቤዝቦል ቡድን በአንድ ነጥብ እየመራ ነው። ከተጋጣሚው አንድ መቺ ብቻ ከወጣ ጨዋታው ያልቃል። ዊልፍሪዶ የሚገባው ለዚህች ሰዓት ነው፤ ሌሎቹ ወርዋሪዎች ሲደክሙ፣ እሳት ሊያጠፋ። ታቾም አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት ዕድሜውን የበላው ይኸው ሥራ ነው።

ቅድም የወረወራት ኳስ ግን ከተቀባዩ ራስ በላይ አልፋ አጥሩን መታች። ሕዝቡ ላብ አዳልጦት ነው ብሎ ሳቀ። ታቾ ያየው ሌላ ነው፤ ዊልፍሪዶ ዞር ብሎ ጣቶቹን ሲያራግፍ፣ ልክ እጁን ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው።

«ምነው አበልጄ፣ እግርህን ልታፍታታ ነው?» ይላል ዊልፍሪዶ፣ አፉን በጓንቱ ሸፍኖ።

«ፀሐይ ልሞቅ ብዬ።»

ተቀባዩ ራዳሜስም ሆዱን አስቀድሞ እየተንጎማለለ ይደርሳል። «ቶሎ ጨርሱ እንግዲህ! እኔ እዚያ ቁጢጥ ብዬ ጉልበቴ አለቀ፣ እናንተ ወሬ ይዛችኋል።»

«ጨብጠኝ» ይላል ታቾ።

«ምን?»

«በቀኝህ ጨብጠኝ።»

«ሰው ሁሉ እያየን?»

«ሰላም የምንባባል ይመስለዋል።»

ዊልፍሪዶ እጁን ያወጣል። አውራ ጣቱና ከጎኑ ያሉት ሁለቱ የታቾን መዳፍ ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ግን የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብለው ያርፋሉ። ታቾ ትንሿን በጥፍሩ ይቆነጥጣታል፤ አጥብቆ። ዊልፍሪዶ አላወቀም። የታቾን ፊት እያየ ነው። ያየው ራዳሜስ ነው፤ ቀልዱ ከአፉ ጠፍቶ መሬት መሬት ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አበልጄ።»

ዊልፍሪዶ እጁን ይመልሳል። «ከገና ወዲህ። ይመጣል፣ ይሄዳል። ዛሬ ነው የባሰበት።» ከዚያ ጠጋ ይላል። «ስማኝ፤ ጃፓኖቹ ከሽቦው ጀርባ ናቸው። የመጡት እኔን አይተው ለቡድናቸው ሊያስፈርሙኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ማን ይመጣልኛል? አንድ መቺ! እሱን ላውጣና ከዚያ በኋላ እጄን ቆርጠህ ውሰደው።»

ታቾ ሳያስበው ወደ ላይ፣ ወደ ተመልካቹ ያያል። የዊልፍሪዶ ሚስት ኔሬይዳ ባሏን ለማየት ወንበር ላይ ቆማለች። ታቾ ክርስትና ያነሳት ልጅ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ እጇን ታወዛውዛለች፤ ለአባቷ ይሁን ለእሱ አይታወቅም።

ታቾም በጨዋታ ዘመኑ እንዲህ ባለ ጉብታ ላይ ቆሞ ያውቃል፤ ወደ ሰሜን፣ በብርድ አገር። አሰልጣኙ መጥቶ «ደህና ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ» አለ። ሰውየው ጀርባውን መታ መታ አድርጎት ተመለሰ። ታቾ ቀጣዩን ኳስ ሲወረውር ክንዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ፤ ድምፁን በጆሮው ሰማው። ያን አሰልጣኝ ለዓመታት ሊጠላው ሞክሮ አልሆነለትም። ክፉ ሰው አልነበረም። የነገሩትን ማመን ቀለለውና አመነ፤ ያ ብቻ ነው።

አሁን ቀላሉ ነገር ለታቾም ቀርቦለታል። መቺው ደካማ ነው። ምናልባት አንዲት ኳስ ትበቃ ይሆናል።

«ጌቶቼ፣ እዚሁ ልታድሩ ነው?» ይላል ዳኛው እየቀረበ።

ታቾ መዳፉን ይዘረጋል። «ኳሱን ስጠኝ።»

«ታቾ፣ እንዳታደርገው።» አበልጄ ማለቱን ትቶታል።

«ስጠኝ።»

«ካስወጣኸኝ ቤቴ እንዳትመጣ። የልጅቷንም ዓይን አታይም።»

«እሺ» ይላል ታቾ። መዳፉ እንደተዘረጋ ነው።

ዊልፍሪዶ እጁን ሲያነሳ ኳሷ አምልጣ አፈሩ ላይ ትወድቃለች። ጥሏት ይሁን ሾልካበት ታቾ አይጠይቅም። ጎንበስ ብሎ ያነሳታል።

የደጋፊዎቹ ከበሮ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ስታዲየሙ በፉጨት ይናወጣል። «ቀንተህ ነው! አንተ ያላገኘኸውን እንዳያገኝ ነው!»

ጃፓኖቹ የኳስ ፍጥነት መለኪያቸውን ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ። ተተክቶ የገባው ወርዋሪ ገና ሳይሞቅ መቺው ኳሱን ከአጥር ውጭ ይሰድበትና ነጥቡ ይገለበጣል። ጨዋታው ሲያልቅ ተሸንፈዋል።

ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዊልፍሪዶ ብቻ አግዳሚው ላይ ቀርቶ ከሸሚዙ የአንገት ቁልፍ ጋር ይታገላል። ጣቶቹ ያገኟታል፣ ይስቷታል። ታቾ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ወደ ቁልፏ ሲሰድ በክርኑ ይገፋዋል። ታቾ እጁን ይሰበስባል፤ ግን አይነሳም። ዊልፍሪዶ እንደገና ይሞክራል። እንደገና።

ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ወደ ባዶው ሜዳ እያየ፣ ለታቾ አገጩን ቀና ያደርግለታል።