ዋሴ ምሳ ሲወጣ

«ክፉ ነገር በዓይን ነው የሚገባ፤ ፊትህን ካዞርክበት ደጅ ቆሞ ይቀራል» ይሉ ነበር የአቶ መልከ ጼዴቅ አባት። ልጅም ይህንኑ ይዘው አረጁ።

አቶ መልከ ጼዴቅ ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለቻቸው። የከፈተቻት ልጃቸው ሐመልማል ናት። ላፕቶፑን ገዝታ፣ ሁሉን አሰናድታ፣ «አባቴ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ ምንም አትንካ» ብላ ወደ ቤይሩት ሄደች። ከሄደች በኋላ ዋሴ የሚባል ባለትዳር ሰው ተቀጥሮ ይተይባል።

ደረስጌ ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ የአቶ መልከ ጼዴቅ ስልክ ገደል ገባ። ሌላ ቁጥር አወጡ። የሐመልማል ድምፅ በዚያው ጠፋ። ቢጠብቁ የለም፤ ቢያጠይቁ የለም። በመጨረሻ ሱባኤ ያዙ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሱቁ ውስጥ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት መኖሯን መስማት።

ሱባኤው ግን በሰላም አልሄደም።

ዋሴ «ብሮውዘር» የሚለው የኢንተርኔት መስኮት ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ ይከፈት ጀመር። የመጀመሪያው ዕለት ቀና ብለው አዩት። ራሷን ያልሸፈነች፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተከረከመች ሴት ላፕቶፑን ሞልታዋለች። አፏን ትከፍታለች፤ እጇን ትዘረጋለች። ድምፅ የለም፤ ዘፈን እንዳይሰሙ ሱባኤው ሲጀመር ዋሴን ድምፁን አስዘግተውታል።

አማተቡ። መልኳን ልብ ሳይሉ ፊታቸውን አዙረው ክዳኑን ጠርቀም አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዓይናቸውን አልጣሉበትም። መስኮቱ ሲከፈት ላፕቶፑ አናት ላይ ካለችው ትንሽ ክብ መስታወት አጠገብ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። እሷን በዓይናቸው ጫፍ ሲያዩ በዳበሳ ይዘጉታል፣ ጋቢያቸውን ይጥሉበታል፣ ያቋረጡትን መዝሙር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ከጎን ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልቃድር ይስቅባቸዋል።

«መልኬ፣ ዛሬም በረደው?»

«ተወኝ አብዱ። ሰይጣን በሽቦ መጣብኝ።»

«ታዲያ በመጣበት ሽቦ መልሰዋ!»

ዋሴ ግን አልሳቀም፤ ነገሩ ወደ እሱ እየዞረ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ፊት አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ አያውቅም።»

«እሱን አይደል የምልህ! አንተ ምሳ ስትወጣ ጠብቆ ነው የሚከፈተው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማልቀምስ፣ እዚህ ብቻዬን እንደምቀመጥ ታውቃለህ።»

«ይሄን ያልሰማ ማን አለ?»

«አጥምደህብኝ ትወጣለህ።»

«ኧረ እግዚአብሔርን ይፍሩ ጋሼ! ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ከርሞ ከተለቀቀ ወዲህ የመጣ ነገር ነው። ቫይረስ ይሆናል።»

ዋሴ ማስታወቂያ የሚልከውን ሁሉ ዘጋጋ። የማይፈለገውን አጠፋ። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። «በቃ፣ ተገላገልን» አለና ምሳ ሄደ።

ገና መንገዱን ሳይሻገር ተከፈተ።

አቶ መልከ ጼዴቅ ያን ዕለት መዝሙሩን መጨረስ አቃታቸው። ጋቢውን በላፕቶፑ ላይ እንደጣሉ፣ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው፣ «እመቤቴ፣ ወይ የልጄን ወሬ አሰሚኝ፣ ወይ ይህን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» አሉ። በንዴት የተጸለየ ጸሎት ነው።

በማግሥቱ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው በሚኒባስ ዳባት ወረዱ። ሙሰዓብ የሚባል ጥሩ ጠጋኝ አለ ተብለዋል። ሙሰዓብ ከፈተው፣ ጎረጎረው፣ ቆየበት።

«አባባ፣ ይሄ ቫይረስ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሰው ሆነ ብሎ ያስገባው ነው። ሌላ ቦታ ሆኖ ሲነካው እዚህ በራሱ እንዲከፈት አድርጎታል። ሥራው የተጣራ ነው፤ ይሄን ላፕቶፕ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።»

አቶ መልከ ጼዴቅ ጭናቸውን መቱ። «አላልኩም? አላልኩም?»

«ማን እንደሆነ ልይልዎት?»

«ማንነቱንማ አውቄዋለሁ። አጥፋው ብቻ።»

«ካጠፋሁት አይመለስም።»

«ከነሥሩ ንቀልልኝ ልጄ!»

ሙሰዓብ ነቀለው።

ደባርቅ ሲመለሱ ዋሴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ፊታቸውን አይቶ ነገሩ ገባው።

«ቁልፉን አምጣ» አሉት።

«ጋሼ፣ በማላውቀው ነገር? ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«እኔም ልጅ አለችኝ። ስለ እሷ የምለምነውን ነው ያቋረጥክብኝ።»

ዋሴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ። አብዱልቃድር ከሱቁ ብቅ ብሎ «መልኬ፣ ተው እንጂ» አለ። የሰማው የለም።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ጸጥ አለ። አረንጓዴዋ መብራት አልበራችም። አቶ መልከ ጼዴቅ መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር ሳያቋርጡ ደገሙ፤ ጸሎታቸው ተሰማና አመሰገኑ።

ሱባኤው ሊፈታ ሲል አንዲት የማያውቋት ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ከመናኸሪያው ወደ ሱቁ መጣች።

«አባባ፣ መልከ ጼዴቅ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ። ለጽሕፈት ከሆነ ጸሐፊ የለኝም።»

«ለጽሕፈት አይደለም። ከቤይሩት መምጣቴ ነው። ሐመልማል ናት የላከችኝ።»

ከተቀመጡበት ተነሡ። ጠረጴዛውን ያዙ።

«አለች?»

«አለች፣ ደህና ናት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ ብላኛለች፤ ‹አባቴ ባየኝ ቁጥር ፊቱን እያዞረ ላፕቶፑን የሚዘጋብኝ ምን በድዬው ነው?›»