እትዬ ዞርካን ማስጎብኘት

ቲሆሚር ኮላሪች ዛግሬብ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አውሮፓ ውስጥ እሱ የማያውቀው ወንዝ፣ ተራራና ዋና ከተማ የለም። ይህንንም ያልነገረው ጎረቤት የለም። ስለዚህ ታላቅ እህቱ ዞርካ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከሜልቦርን ስትመጣ፣ ማን ያስጎብኛት ብሎ መጠየቅ ራሱ ነውር ነበር።

ሚስቱ ኔቬንካ ጉልበቴን ያመኛል ብላ ቀረች። ትኬቱንና የሆቴሎቹን ወረቀት ግን ለዞርካ አስያዘቻት። ካርታ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ሳለ ወረቀት ለእንግዳ መስጠት ምን ይሉታል? ቲሆሚር ተቀየመ። ባቡሩ እስኪነሳ ድረስ ሁለቱ ሴቶች ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ ደግሞ ይበልጥ ተቀየመ።

ችግሩ ቪየና ላይ ጀመረ። ቲሆሚር ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያደርስ አቋራጭ ያውቃል። አቋራጩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስኳትኖ አትክልት ተራ መሐል ጣላቸው። መንገደኛ መጠየቅ ጂኦግራፊ ላልተማረ ሰው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እሱን ሳያማክር መንገዱን እንደለወጠው ለእህቱ አስረዳት፤ በንዴት ጆሮው ቀልቶ ነበር። ዞርካ አልተከራከረችም። ሁለት ፖም ገዝታ አንዱን ሰጠችው።

«ቲሆ፣ ትናንት ያደርንበት ሆቴል ስሙ ማን ነበር?»

«ደግሞ ጀመርሽ፣ እትዬ? ጠዋትም ጠይቀሽኛል።»

«ረሳሁት እኮ። ማን ነበር?»

ቲሆሚር የሆቴል ስም የተማረ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቦታ የሚሰጠው ነገር እንዳልሆነ ነገራት። በምትኩ ዳኑብን ከምንጩ እስከ ባሕሩ፣ አንድ ገባር ሳያስቀር ወረደላት። እሷም ፖሟን እየገመጠች አዳመጠች።

ማታ ለኔቬንካ ደውሎ አማረረ። እህቱ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ትላለች፤ ምሳ ምን በላን ትላለች፤ ነገ የት ነን ትላለች፤ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ትንሽ ደብተር አውጥታ የቀኑን ውሎ ትጽፋለች፤ እንዳይጠፋት ነዋ። ኔቬንካ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አደራ ከአጠገቧ እንዳይርቅ ለመነችው። ቲሆሚር ለዚህ ልመና አያስፈልግም አላት። እሱ ባይኖርማ ሴትዮዋ ገና ድሮ ጠፍታ ነበር።

ፕራግ ላይ ጠፋች። የሚገናኙበትን ቦታ ነግሯት ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ፤ ከዚያ ድልድዩ ላይ ሁለት ሰዓት ገተረችው። በመጨረሻ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ከፖሊስ ጋር መጣች። ከሰዓቱ ማማ ሥር ንቅንቅ አላልኩም ብላ በአባታቸው አጥንት ማለች። ቲሆሚር ክርክር አላስፈለገውም። ለፖሊሱ በዓይኑ ጠቀስ አድርጎ «ዕድሜ ነው» አለው። ወጣቱ ፖሊስ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየና፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል ብሏቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ ቲሆሚር እጇን አልለቀቀም። ተጓዡ ሁሉ እንደ አዲስ ሙሽሮች ሲያያቸው አፍሮ ነበር፤ ግን ምን ያድርግ፣ ሥጋው ናት።

ቬኒስ ላይ ቁርጡን አወቀ። የአባታቸውን ታሪክ አነሳላት፤ ሰውዬው ሳቫ ወንዝ ውስጥ ወድቀው፣ ባርኔጣቸው ተንሳፍፎ ቀድሟቸው ሰፈር የደረሰ ዕለት። ባቡር ውስጥ ሳቀች። ምሳ ላይም ሳቀች። እራት ላይ ባርኔጣው ጋ ሲደርስ፣ በሕይወቷ ሰምታው እንደማታውቅ ሁሉ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አንድን ታሪክ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ለምትሰማ ሴት ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ጀልባ ተሳፈሩ። ዞርካ እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ቲሆ፣ ወደ ሜልቦርን አልመለስም፣ እዚሁ ከእናንተ ጋር እቀራለሁ ብልህስ?»

ልቡ ቀለል አለው። ይህን እንዴት ብዬ ላንሳባት እያለ ሲጨነቅ ነው የሰነበተው። ለካ ለራሷም ታውቋታል።

«ቅሪ እንጂ። እኔ እጠብቅሻለሁ። አትፍሪ፣ እትዬ።»

«እፈራለሁ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ውሃው አዞረች።

ዛግሬብ እንደገቡ ኔቬንካን ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ይዞ ጉዳዩን ገለጠላት። እህቱ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ኔቬንካ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ ለሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ አለችው። በአርባ ሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ ሳትከራከር፣ እንዲያውም ቀድማው ስትገኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰኞ ሦስቱም በትራም ሄዱ። ቲሆሚር ዞርካን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ኔቬንካ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቀላል ነገር ነው የሚጠይቁሽ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ያለንበትን ከተማ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከጠፋሽ ወደ እኔ ተመልከቺ፣ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።»

«እሺ፣ ቲሆ» አለችው። ኮሌታውንም አቃናችለት።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሴቶቹ በግራና በቀኙ ተቀመጡ። እህቱ ስሟን ስትሰማ እንዳትደነግጥ ብሎ እጇን ያዘ። ሌላ እጁን ደግሞ ኔቬንካ ያዘችው።

ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ ከያዘችው ወረቀት ላይ አነበበች፤ «አቶ ቲሆሚር ኮላሪች፣ ይግቡ።»