የፋሻዋ ክፍተት

ዱጋሳ የላይኛዋን ፋሻ በሁለት አውራ ጣቶቹ ከፈት አድርጎ በፒስተኑ አናት ላይ አሳለፋት። ፒስተኑን የምትከብ፣ አንድ ጎኗ ላይ የተቆረጠች ቀጭን የብረት ቀለበት ናት። ቦይዋ ውስጥ ስትገባ ጠቅ አለች። ከዚያ እየዳበሰ አዞራት፤ የተቆረጠው ቦታ ቦዩ ውስጥ ከቆመው ትንሽ ችንካር ጋር ሲገጥም ጣቱ ቆመ።

«ገብታለች» አለ። «የታችኛዋም ገብታለች።»

የምትጠገነዋ ቬስፓ ባለቤት አቶ በላይነህ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

«እሱ ነው እንዴ የሚገጥመው?» ብለው ነገሳን ጠየቁት፣ ዱጋሳ እንደማይሰማ ሁሉ። «እኔ በዚህች እኮ ነው እንጦጦ ማርያም የምመላለሰው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ቢያዝብኝስ?»

«ታላቄ ነው። ሥራውን ያስተማረኝም እሱ ነው» አለ ነገሳ። «ዛሬ ይሞክር ብለን ነው። ከቻለ ተመልሶ ይሠራል፣ ካልቻለ ቤቱ ያርፋል። ተስማምተናል። አይደል ጋሼ?»

«ተስማምተናል» አለ ዱጋሳ።

ሚስቱ ወለተሥላሴ ምሳ በአገልግል ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የባትሪ አሲድ ዓይኖቹን ካጠፋቸው ወዲህ ባሏ ቤት ሲውል ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፤ እህል ለመቅመስ እንኳ ይለመናል። አሁን ግን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እንደ ድሮው የታችኛውን ከንፈሩን እየነከሰ ይሠራል። ሌሊቱን አልጋ ላይ ሆኖ በጣቶቹ የሌለ ፋሻ ሲያዞር ተሰምቷታል። ተኝታለች ብሎ ነበር።

ዱጋሳ ፒስተኑን ለቆ የዘይቱን ጣሳ ሊያነሣ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። አቶ በላይነህ ወደ ኮተቤ የሚያልፍ የጭነት መኪና በዓይናቸው ተከተሉ። ነገሳ ያኔ ጎንበስ አለ። አቧራ የሚያራግፍ መስሎ እፍ አለና የላይኛዋን ፋሻ በአውራ ጣቱ ገፋት። ክፍተቷ ከችንካሩ ራቀ፤ ፋሻዋም ችንካሩ ላይ ተደግፋ ከቦይዋ ወጣ ብላ ቀረች።

ቀና ሲል ከወለተሥላሴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

አልደነገጠም። እጁን በሱሪው ጠረገና ትክ ብሎ አያት። እሷና ባሏ የሚኖሩት እሱ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቿ የሚበሉትም እሱ ከሚያመጣው ነው። ይህን ሁለቱም ስለሚያውቁት አፍ አውጥቶ መናገር አላስፈለገውም።

የአገልግሉን ማንጠልጠያ አጥብቃ ያዘች።

ዱጋሳ የሲሊንደሩን ውስጥ ዘይት ቀባ። ከዚያ በብሎኖቹ ላይ አሳልፎ ቀስ እያለ ወደ ፒስተኑ አወረደው። የላይኛዋ ፋሻ ጋ ሲደርስ አልወርድ አለ።

«ቆይ» አለ። «የሆነ ነገር ይዞታል።»

ጣቱን ሰዶ ሊዳብስ ሲል ነገሳ መጥቶ ሁለት እጁን ሲሊንደሩ ላይ ጫነ።

«ምንም አልያዘውም፣ ጋሼ። ፈርተህ ነው። ልደግፍህ።»

«ቆይ አልኩህ።»

ነገሳ ተጫነው። ፋሻዋ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብላ ተሰበረች።

አቶ በላይነህ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ሰበራት?»

«ሰበራት» አለ ነገሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳዘነ ሰው። «ከአስመራ ያስመጣናት ነበረች። ሌላ እስክትመጣ ይታገሡኝ፤ ያኔ እኔው ራሴ እገጥምልዎታለሁ።»

ዱጋሳ ሲሊንደሩን መልሶ አወጣው። የፋሻዋ ስባሪ ጣቱን ቆርጦት ደሙ ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ወደ መዳፉ ወረደ።

«ችንካሩ ላይ ነበረች» አለ። «በጣቴ አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ማን ነካት፣ ጋሼ? አንተ ብቻ ነህ የያዝካት።»

ዱጋሳ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ወለቴ፣ እዚያ ነሽ?»

«አለሁ።»

«ነይ እስኪ እይልኝ፤ ደሙ አላስዳብስ አለኝ። የቀረችው ቁራጭ፣ የተቆረጠው ጫፏ ችንካሩ ላይ ነው ወይስ አይደለም?»

አገልግሉን መሬት አስቀምጣ መጣች። ነገሳ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ባሏ በደንብ እንድታይ ብሎ ፒስተኑን ወደ እሷ አዘነበለላት። ጎንበስ አለች። ጫፏ ከችንካሩ ርቆ ለብቻው ቆሟል። ባሏ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል፤ ጆሮው ከአፏ ሥር ነው።

«አይደለም» አለች።

«አይተሻል በደንብ?»

«አይቻለሁ። ችንካሩ ላይ አይደለም።»

ያለችው እውነት ነበር።

ዱጋሳ አልተከራከረም። ከማንም ይልቅ እሷን ያምናታል። እጆቹን አንሥቶ፣ ሊያያቸው እንደሚፈልግ ሁሉ ፊቱ አጠገብ አቆማቸው።

«ጣቴም ታወረ ማለት ነው» አለ።

ነገሳ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «አንተ አርፈህ ተቀመጥ። እኛ አለንልህ።» ከዚያ ወደ ደንበኛው ዞሮ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ዱጋሳ ከሥራ ጠረጴዛው ተነሣ። ጋራዡን በገዛ እጁ ያቆመው እሱ ስለሆነ፣ ዓይኑ ከጠፋም በኋላ እዚህ ውስጥ መሪ አስፈልጎት አያውቅም። አሁን ግን በሩ ወዴት እንደሆነ እንደጠፋው ሰው ባለበት ቆመ። ጥቂት ቆይቶ የደማ እጁን ወደ ፊት ዘረጋና እስክትይዘው ጠበቃት።