የምክትሉ ልጅ ፖስታ

ዩኒቨርሲቲው ስድስት የሥራ አመራር ሰልጣኞች እንደሚቀጥር ማስታወቂያ ባወጣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከምድር ቤቱ መዝገብ ቤት በር የተነሳው ሰልፍ እስከ ደረጃው አናት ደረሰ። ሁሉም ገና የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። አንድ ዓመት ሠልጥኖ ኃላፊ መሆን ማንን አያጓጓም!

ፖስታ ተቀባዩ ጡረታ የደረሱ ሽማግሌ ነበሩ። ጸሎት ስለሚያበዙና ዕድሜያቸውን በወረቀት መካከል ስለፈጁ ሠራተኛው «አባ ማህደር» ይላቸዋል። ሥራቸው ቀላል ነው። የታሸገውን ፖስታ ይቀበላሉ፣ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፋሉ። ምዝገባው ሲዘጋ ይከፍቱና ማመልከቻው፣ የትምህርት ውጤቱና ኦርጅናሉ ዲግሪ መኖራቸውን ያያሉ። የተሟላው ወደ ኮሚቴው ይወጣል፤ የጎደለው ለባለቤቱ ይመለሳል። ለምን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አርባ ሁለተኛው ፖስታ ላይ የተጻፈውን የአባት ስም ሲያዩ እጃቸው ቀጥ አለ። ልጁን ቀና ብለው አዩት። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ቁርጥ አባቱን! የምክትል ፕሬዚዳንቱ ልጅ ነው።

«ችግር አለ እንዴ አባባ?» አለ ልጁ።

«ምንም የለም ልጄ። አርባ ሁለት።»

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ምክትሉ ገና የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። የአባ ማህደር ሚስት ሆስፒታል ተኝታ፣ አባ ማህደር የሦስት ቀን ፈቃድ ለመኑት። «የቆየውን ፋይል ለይተህ ሳታስረክብ ከዚህ ንቅንቅ አትልም!» አላቸው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ፋይል በገመድ እያሰሩ ሳለ የሚስታቸውን ሞት በስልክ ሰሙ። እስከ መጨረሻው ስማቸውን ስትጠራ እንደነበር የነገረቻቸው ነርሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጸሎታቸውን ሲያሳርጉ አንዲት ነገር ይጨምራሉ፤ «ጌታ ሆይ፣ ያንን ሰው አንድ ቀን በእጄ ጣልልኝ።»

ይኸው ጣለላቸው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ተላላኪዋ ሌላ ማስታወቂያ ይዛ ወረደች።

«አባ፣ ይችን በሩ ላይ ይለጥፏት። ዘንድሮ ደግሞ ሥራ ሊያበዙብን ነው፤ የገባውን ዲግሪ ሁሉ ለየኮሌጁ ልከው ያመሳክራሉ አሉ።»

«ያመሳክሩ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ይልቅ ሙጫውን አቀብዪኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ምክትሉ ራሱ ምድር ቤት ወረደ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እግሩ እዚያ ረግጦ አያውቅም።

«እንደምን አደሩ፣ አባ?»

ዛሬ ደግሞ አንቱ ሆንኩ! አሉ በሆዳቸው።

«የልጄ ፖስታ ትናንት ገብቷል መሰለኝ» አለ ምክትሉ። «አንዴ ቢሰጡኝ፣ የምትስተካከል ነገር አለች።»

«የገባ ፖስታ ለማንም አይሰጥም ጌታዬ። ደንብ ነው።»

«እኔ እኮ ነኝ፣ አባ።»

«ደንቡን የፈረሙትም እርስዎ ነዎት።»

በዚያ ብርድ የምክትሉን ግንባር ላብ አጠመቀው። የድጋፍ ደብዳቤ ሊሸጉጥለት ነው የመጣው፣ ብለው አሰቡ አባ ማህደር፤ እንዲያ ሲለማመጥ ማየት ጣፈጣቸው።

ሐሙስ ዕለት ተመልሶ መጣ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሲያይ ቆየና፣ «አባ፣ ያን ጊዜ... የባለቤትዎ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«ሥራ ይዣለሁ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ለልጁ እንጀራ ሲል የሟች ስም ያነሳል! የቆረጡት ያን ጊዜ ነው።

ምዝገባው ዓርብ ተዘጋ። ሰኞ ተላላኪዋ ለምሳ ስትወጣ በሩን ቀረቀሩ። ተንበርክከው ሊጸልዩ ቢሞክሩ ቃል እምቢ አላቸው። ተነስተው አርባ ሁለት ቁጥርን ከፈቱ። ዲግሪው ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ያን ቀን ካዩዋቸው ሁሉ ማህተሙ ጥርት ያለው እሱ ነበር። የባለሥልጣን ልጅ ዲግሪው እንኳ ያምራል፣ አሉ።

ልጁ ምን አደረገህ? የሚል ነገር በልባቸው ሽው አለ። ሚስቴስ ምን አደረገችው? ብለው መለሱ። አራት ቦታ ቀደዱት። ቀጥሎ ስምንት ቦታ። ቁርጥራጩን ሊቃጠል ከተዘጋጀው ወረቀት ጋር ከረጢት ውስጥ ጨመሩና ማህደሩ ላይ «ዲግሪ አልተያያዘም» ብለው ጻፉ።

ተላላኪዋ ስትመለስ ተመላሾቹን አገላበጠች።

«ውይ! የምክትሉ ልጅ ዲግሪውን ረሳ? አባቱ ይገድለዋል!»

«ይግደለው» አሉ አባ ማህደር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት የፖሊስ መኪና ግቢ ገባች። ከምድር ቤቱ መስኮት የሚታየው ጎማዋ ብቻ ነው። ለኔ ነው፣ አሉ። ልጁ ኦርጅናሉን አስገብቻለሁ ብሎ ተናግሮ ይሆናል። ኮታቸውን ለበሱ፣ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ቁጭ ብለው ጠበቁ። መሸሽ አላሰቡም። ምክትሉን ፊት ለፊት ሲያገኙት የሚሉት ዘጠኝ ዓመት ሲብላላ የኖረ ነገር ነበራቸው፤ «እንዴት ነው፣ ያማል?» ሊሉት።

ጎማዋ ተንቀሳቀሰና ከመስኮቱ ጠፋች። ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ምክትሉ ብቻውን ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ፊቱ ዓመድ መስሏል። አባ ማህደር አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሱ ቀድሞ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ጉልበታቸውን አቀፈ።

«አባ» አለ እያለቀሰ፣ «ሐሰተኛ ዲግሪ ያስገቡትን ሦስት ልጆች ፖሊስ አሁን ይዟቸው ሄደ፤ በሚስትዎ ያን ሁሉ አድርጌብዎት፣ የኔን ልጅ የውሸት ዲግሪ ከመሃላቸው ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት።»