የመምህር ሳህሉ ክሊራንስ

ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን መምህር ሳህሉ ሠላሳ ስምንት የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት አምጥቶ በአጸደ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። አጸደ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሠላሳ ስምንት ናቸው። አንድ ወላጅ ከውጭ ጠርቶት ወጣ ሲል ግን አንዱን መጽሐፍ አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ሠላሳ ሰባት ነው» አለችው ሲመለስ። «አንድ ይጎድላል።»

«እኔ እኮ ቆጥሬ ነው ያመጣሁት።»

«እኔም ቆጥሬ ነው የምረከበው።»

ሳህሉ ሊስቅ ፈለገና ፊቷን አይቶ ተወው።

ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ትምህርት ቤት፣ ዓመቱ ሲያልቅ የክፍሉን መጻሕፍት ያላስረከበ መምህር ክሊራንስ አያገኝም። ክሊራንስ የሌለው ደግሞ አይዛወርም። የሳህሉ ዝውውር እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልተሟላ ይሰረዛል። ሌላው ፊርማ ሁሉ አልቋል፤ የቀረው የመጽሐፍ ቤት ኃላፊዋ የአጸደ ብቻ ነው።

አጸደን መጽሐፍ ቤት ያስገባት ደግሞ ራሱ ሳህሉ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የተገነጣጠሉ መጻሕፍት ለማስጠረዝ በባጃጅ ጭና ስትሄድ አያት። ጠጋ ብሎ እንኳ ሳይጠይቃት፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የመንግሥት መጽሐፍ ልትሸጥ ስትወስድ አይቻለሁ» አለ። ነገሩ ተጣራ፤ ንጹሕ ሆና ተገኘች። የወላጆች አፍ ግን አልተዘጋም፤ ልጆቻችንን አታስተምርም አሉ። ነፍሷን ከምትሰጥላቸው ከአንደኛ ክፍል ልጆቿ ነጥለው፣ ከመደርደሪያና ከምስጥ ጋር ዘጉባት። ሳህሉ ቆይቶ ይቅርታ ሊላት መጣ። ከእሱ እጅ ውኃ እንኳ እንደማትቀበል ምላ መለሰችው።

እንዲያም ሆኖ ዓይኔ ሥር ከሚውል ይሂድልኝ ባለች ነበር፤ የሚሄድበትን ባትሰማ። ማጂ! ባሏ ባየ ስድስት ዓመት ያስተማረበት፣ በየዓመቱ ዝውውር ጠይቆ የተከለከለበት ማጂ። ያውም እዚያው እሱ ያለበት ትምህርት ቤት። ከሚዛን አስፋልት ተነሥቶ በፈቃዱ የማጂን ዳገት የሚወጣ ጤነኛ ሰው አይታ አታውቅም። «ዳይሬክተር ሊሆን ነው» ተባለ መምህራን ማረፊያ ውስጥ፤ ማን እንዳለ ግን አይታወቅም። አጸደ ወዲያው ገባት። እሷን ጨርሶ ወደ ባሏ መዞሩ ነው።

ባየ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሲደውል ነገረችው።

«ተይው ይምጣ» አለ እየሳቀ። «ወረቀቱን ብቻ እንዳታጓትቺበት።»

«ያጠፋሃል እኮ! አታውቀውም አንተ።»

«ሰው ይለወጣል አጸድዬ። በይ ለክረምት ስመጣ እናወራለን። ፍራሼንም ይዤ ነው የምመጣው።»

«ደግሞ ፍራሽ ለምን?»

«አይጥ ሊጨርሰው ነው።» መስመሩ ተቆረጠ።

የዋህ ነው ባሏ፤ ለሚያርደው ቢላ የሚያቀብል ዓይነት የዋህ። እንግዲያው እሷ ትጠብቀዋለች።

ሳህሉ በሰኔ ዝናብ የተማሪዎቹን ቤት አንድ በአንድ ዞረ። ማህደር የምትባል ተማሪው ከእናቷ ጋር ቴፒ ሄዳለች ሲሉት ቴፒ ድረስ ወርዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። አጸደ በመስኮት አየችውና ደስ አላት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በሃያ ዘጠኝ ዳይሬክተሯ እትዬ ወርቅአፈራሁ ራሳቸው መጡ።

«አንድ መጽሐፍ እኮ ነው ልጄ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። የመስከረሙን ድልድል ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ አታበላሺብኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ሳይጎድል ስሜ ጠፍቷል። ጎድሎማ አልፈርምም።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሰኔ ሠላሳ የካርድ መስጫ ቀን ነው። ግቢው በወላጅ ተሞላ፤ ልጆች በደረጃቸው እየተጠሩ ይሸለማሉ። ሳህሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኖቹ እንቅልፍ አላዩም።

«አጸደ፣ ለራስሽ ስትይ ፈርሚ።»

«ታስፈራራኛለህ?»

«ኧረ በፍጹም! ከባየ ጋር ተነጋግረን…»

«የባሌን ስም አትጥራ! ሠላሳ ስምንተኛውን ይዘህ ካልመጣህ ከዚህ ጥፋ!»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ከውጭ ሆኖ የሆነ ነገር ደጋግሞ ተናገረ፤ አንደኛ የወጣች ልጅ ተጠርታ ኖሮ ጭብጨባው ዋጠው። አጸደም ልትሰማው አልፈለገችም። እጇን መሳቢያው ላይ ጭና ተቀመጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ፤ ቢሮዎቹ ተዘጉ። አጸደ ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንጎራጎረች ቤቷ ገባች። ባየን እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ደወለች። መስመሩ አልያዘም፤ በማግስቱም አልያዘም።

ሐምሌ ሦስት ቀን የዝውውሩ ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አጸደ አዲስ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሊያስመዘግቡ የተሰለፉትን ወላጆች አልፋ ተጠጋች። «የተሰረዙ» ከሚለው ሥር የሳህሉን ስም ፈለገች። አገኘችው። ልቧ እየሞቀ፣ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች።

«የእርስ በርስ ዝውውር፦ መምህር ሳህሉ፣ ከሚዛን ወደ ማጂ፤ መምህር ባየ፣ ከማጂ ወደ ሚዛን። የመጽሐፍ ርክክቡ ባለመሟላቱ የሁለቱም ተሰርዟል።»