የኅሊና ጸሎት በሬዲዮ

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል የአባቶች ተረት። አቶ ሰርፀም ይህን አምነው፣ በላስ ቬጋስ በሚመሩት የአማርኛ የመዝሙር ፕሮግራም ላይ ለሬዲዮ ጣቢያው መሥራች የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አወጁ። ሟቹ አሜሪካዊ፣ ሮክ ኤንድ ሮል ገና ሲወለድ ሌሎች የሸሹትን ሸክላ ደፍረው ያጫወቱ ዲስክ ጆኪ ነበሩ፤ በስተርጅና ደግሞ ለኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሜን ጠዋት በነጻ ሰጡ። «አንድ ዘፈን ከተሰማ ግን ፕሮግራሙን እዘጋዋለሁ» ብለው የዛቱት የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ፓስተር አማን ከአቶ ሰርፀ ጎን ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

በስምንተኛው ሰከንድ አቶ ሰርፀ አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ላብ አጠመቃቸው። ሟቹ ጸጥ ያለ ሬዲዮ ስለማይወዱ፣ ዝምታው አሥር ሰከንድ ሲሞላ በራሱ ዘፈን የሚለቅ ማሽን አስተክለው ነበር። አቶ ሰርፀ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጊታሩ አንባረቀ።

«ጋሽ ሰርፀ፣ ኦፍ ያድርጉት እንጂ!»

«እስኪጨርስ አይጠፋም፣ ፓስተር።»

«ለመሆኑ ማን ነው የከፈተው?»

«ጸሎታችን።»

ዘፈኑ እንዳበቃ ፓስተሩ የፕሮግራሙን መዘጋት ለማወጅ ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ ንዴት ግን ቃል ነሳቸው። አቶ ሰርፀ ማሽኑን በአገጫቸው እያሳዩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሰከንዱን በጣታቸው ይቆጥሩላቸው ጀመር። ዘጠነኛው ጣት ሲነሳ ፓስተሩ ደንግጠው አፋቸው የለመደውን ጮኹ፦ «እግዚአብሔር ይህን ፕሮግራም ለዘላለም ይባርክ!»

ፕሮግራሙ አልተዘጋም፤ የኅሊና ጸሎቱ ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ዘጠኝ ሰከንድ ነው።